አህያውን ፈርቶ ዳውላውን፦ የአሸናፊዎቹ ኃጢአት ምንድን ነው?

በዚህ ገጽ ላይ ዘወትር ስለ ሥልጣንና ስለ ፍትሕ፣ ስለ ሕግና ስለ ሕግ አውጪዎች ሲጻፍ የለመደ አንባቢ፣ ዛሬ ስለ አሜሪካ ሴቶች የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ሲያነብ «ይህ ደግሞ ከየት መጣ?» ማለቱ አይቀርም። መልሴ አጭር ነው። ጉዳዩ ከኳስ አልፎ ይሄዳል። አንድ ወገን ለረጅም ዘመን ሲያሸንፍ፣ ሌሎቹም ለረጅም ዘመን ሲሸነፉ፣ ተጠያቂው ማን ነው? አሸናፊው ነው? ተሸናፊው ነው? ወይስ ሜዳውን ያሰናዳው፣ ደንቡን የጻፈው፣ ገንዘቡንም የሚያከፋፍለው አካል ነው? ፖለቲካ የሚባለው ነገር ከዚህ ጥያቄ የተለየ ሌላ ጥያቄ ያለው አይመስለኝም። የአሜሪካ ሴቶች የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ታሪክ ደግሞ ለጥያቄው ከብዙ የፖለቲካ መጻሕፍት ይልቅ ግልጽ መልስ ይሰጣል። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።)

ሁለት ወገኖችን እሞግታለሁ። የመጀመሪያዎቹ ትናንት «እነዚህ አሸናፊዎች ጨዋታውን ገደሉት» ሲሉ የነበሩት ናቸው። ሁለተኛዎቹ ዛሬ «መመጣጠን መጥቷል፤ ጉዳዩ ተዘግቷል» የሚሉት ናቸው። ሁለቱ ተቃራኒ ቢመስሉም ስሕተታቸው አንድ ነው። ሁለቱም ዋንጫውን ማን እንዳነሳ ብቻ ያያሉ። ሜዳው በማን እጅ እንዳለ ግን አይጠይቁም።

ክሱ

መጋቢት 2016 ላይ የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ ሴቶች ቡድን (በተለምዶ አጠራር ዩኮን) በብሔራዊው ሻምፒዮና የመጨረሻዎቹ 16 ቡድኖች በሚገናኙበት ዙር ሚሲሲፒ ስቴትን 98 ለ 38 አሸነፈ። ልዩነቱ 60 ነጥብ ነው! ወዲያውኑም አንድ የቦስተን ጋዜጣ ስፖርት አምደኛ፣ ቡድኑን ስለ ብቃቱ መቅጣት ደስ ባይለውም ዩኮን የሴቶቹን ጨዋታ እየገደለው ነው የሚል አስተያየት ጻፈ። ክርክሩ በአገሪቱ የስፖርት ገጾች ሁሉ ተራባ። ብዙዎች አምደኛውን ቢነቅፉም፣ በልባቸው የተስማሙት ቁጥራቸው ጥቂት አልነበረም።

ክሱ ያለ ማስረጃ የተወረወረ እንዳልነበር ልመስክር። ከ1995 እስከ 2016 በተካሄዱት 22 ሻምፒዮናዎች ዩኮን 11 ጊዜ፣ ቴነሲ ደግሞ 5 ጊዜ ዋንጫውን ወስደዋል። ከ22 ዋንጫ 16ቱ በሁለት ቤት ገባ ማለት ነው። የቀሩትን 6 ዋንጫዎች ፑርዱ፣ ኖተር ዳም፣ ሜሪላንድና ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም አንድ አንድ ጊዜ፣ ቤይለር ሁለት ጊዜ ተካፈሏቸው። የዩኮን አሰልጣኝ ጂኖ ኦሪየማ ከ2013 እስከ 2016 አራት ዋንጫዎችን በተከታታይ አነሣ። የቴነሲዋ ፓት ሰሚት በ2012 ከሥራዋ ስትሰናበት 8 ዋንጫና 1 ሺህ 98 ድል ነበራት። እንዲህ ያለውን የበላይነት ያየ ሰው «ውድድሩ የት አለ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

የሚፈረድበት ከጥያቄው በኋላ ጣቱን በቀሰረበት አቅጣጫ ነው። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይላሉ አባቶቻችን። ዩኮን ዳውላው ነው፤ ቢደበድቡት አይራገጥም። አህያው ግን ሌላ ነው፤ እርሱን መንካት ያስፈራል። ስለ አህያው ከመናገሬ በፊት ክሱ ምን እንደ ደረሰበት ላንሣ።

መጋቢት 31 ቀን 2017 በዳላስ ከተማ በተካሄደው ግማሽ ፍጻሜ፣ 111 ጨዋታዎችን በተከታታይ ያሸነፈው ዩኮን በተጨማሪ ሰዓት 66 ለ 64 ተረታ። ያሸነፈው ማን ነበር? ያው በ60 ነጥብ የተዋረደው ሚሲሲፒ ስቴት! የመጨረሻዋን ኳስ ጨዋታው ሊያበቃ ቅጽበት ሲቀረው ያስቆጠረችው ሞርጋን ዊሊያም ቁመቷ 1 ሜትር ከ65 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነች፣ ከሜዳው አጫጭር ተጫዋቾች አንዷ ነበረች። «ተገደለ» የተባለው ጨዋታ በአንድ ዓመት ውስጥ በታሪኩ ከታዩት ታላላቅ ምሽቶች አንዱን ወለደ። ሚሲሲፒ ስቴትን ለዚህ ያበቃው ዩኮንን የሚያዳክም ደንብ አልነበረም። ቡድኑ የሽንፈቱን ልክ አውቆ ለመስተካከል ተነሣ፤ ተስተካከለም።

የሳውዝ ካሮላይናዋ ዶን ስቴሊም ምስክር ናት። በ1991 ለቨርጂኒያ ስትጫወት በፍጻሜው በተጨማሪ ሰዓት 70 ለ 67 በፓት ሰሚት ቴነሲ ተሸንፋለች። በ2008 ሳውዝ ካሮላይናን ተረክባ ዓመት በዓመት ገነባችው። በ2017፣ በ2022 እና በ2024 ዋንጫ አነሣች። በ2024 ያሸነፈችው 38 ጨዋታ ተጫውታ በአንዱም ሳትሸነፍ ነው፤ ይህም ካለፈው ዓመት ቋሚ ተሰላፊዎቿ አምስቱም ከለቀቁ በኋላ የሆነ ነው። ጠንካራው ቡድን ለቀሩት መለኪያቸው ነበር ስል እንዲህ ያለውን ማለቴ ነው። መለኪያ ሲሰበር ቁመት አይጨምርም።

ይህን ነገር እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ ልናውቀው ይገባል። በ2019 የዓለም አትሌቲክስ አስተዳዳሪዎች 5 ሺህ ሜትርን ከዳይመንድ ሊግ መርሐ ግብር ለማስወጣት ሲወስኑ የሰጡት ምክንያት የቴሌቪዥን ሰዓት ማጠር ነበር። በአዲስ አበባና በናይሮቢ ግን ውሳኔው የተሰማው በሌላ ጆሮ ነው፤ «አሸናፊዎቹ ስለበዙብን ሩጫውን እናሳጥረው» እንደ ማለት ተቆጠረ። የምሥራቅ አፍሪካ ሯጭ «አሸነፍክና አሰለቸኸን» ሲባል የሚያመን ከሆነ፣ የኮኔቲከት ልጃገረድ ይኸው ሲባልባት ዝም ልንል አይገባም። ፍርድ በወንዝ አይለይም።

አህያው

አሁን ወደ አህያው እንምጣ። በ1972 የመጀመሪያው ብሔራዊ የሴቶች ኮሌጅ ሻምፒዮና ሲካሄድ ዋንጫውን የወሰደው ፊላዴልፊያ አጠገብ የሚገኝ ኢማኩላታ የተባለ ትንሽ የካቶሊክ ሴቶች ኮሌጅ ነበር። አሰልጣኟ ኬቲ ራሽ ሥራውን ስትጀምር ይከፈላት የነበረው በዓመት 450 ዶላር ነው፤ በወር አላልኩም፣ በዓመት! ለጉዞ የሚሆን ገንዘብ ለማሰባሰብ ልጆቹ የጥርስ ብሩሽ ሳይቀር ሸጠዋል፤ እንዲያም ሆኖ መሄድ የቻሉት 8 ተጫዋቾች ብቻ ነበሩ። ኢማኩላታ ከ1972 እስከ 1974 ሦስት ጊዜ፣ ሌላው ትንሽ ትምህርት ቤት ዴልታ ስቴት ደግሞ ከ1975 እስከ 1977 ሦስት ጊዜ በተከታታይ አሸነፉ።

እንግዲህ የበላይነት በዩኮን አልተጀመረም። ጨዋታው ሲወለድ ጀምሮ ነበር። ልዩነቱ የበላዮቹ ማንነት ላይ ነው። ያኔ ሁሉም ድሃ ስለነበር፣ ጥሩ አሰልጣኝና ቆራጥ ልጆች ያሉት ትንሽ ኮሌጅ የአገሪቱ ሻምፒዮን መሆን ይችል ነበር።

ሰኔ 23 ቀን 1972 ፕሬዚዳንት ኒክሰን የፈረሙት «ታይትል ናይን» ተብሎ የሚጠራው ሕግ ነገሩን ሁሉ ቀየረው። ዋና አንቀጹ በእንግሊዝኛ 37 ቃላት ብቻ አሉት። የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ በሚደርሰው የትምህርት ተቋም ማንም ሰው በጾታው ምክንያት ከተሳትፎ አይገለል፣ ጥቅም አይከልከል፣ አድልዎም አይፈጸምበት ይላል። ስፖርት የሚል ቃል በአንቀጹ ውስጥ የለም። ነገር ግን የኮሌጅ ስፖርት የትምህርት አካል ነኝ ብሎ ስለሚምል ሕጉ ያዘው።

ለመሆኑ የኮሌጅ ስፖርት የበላይ አስተዳዳሪ የሆነው ማህበር፣ ኤንሲኤኤ፣ ይህን ሕግ እንዴት ተቀበለው? በ1974 ገቢ የሚያስገኙ ስፖርቶች ከሕጉ ውጭ እንዲሆኑ ሴናተር ጆን ታወር ያቀረቡትን ማሻሻያ ደግፎ ተከራከረ፤ ማሻሻያው ሳይጸድቅ ቀረ። በ1976 የሕጉን አፈጻጸም በመቃወም ፍርድ ቤት ሄደ፤ አልተሳካለትም። በዚህ ሁሉ ጊዜ የሴቶቹን ውድድር ይመራ የነበረው ሴቶች ራሳቸው ያቋቋሙት ሌላ ማህበር ነበር። ኤንሲኤኤ ሕጉን ማፍረስ እንዳልቻለ ሲረዳ ሌላ መንገድ መረጠ። በ1982 የራሱን የሴቶች ሻምፒዮና ከፈተ፤ የጉዞ ወጪ እሸፍናለሁ አለ፤ ትላልቆቹን ትምህርት ቤቶች ወሰደ። የሴቶቹ ማህበር ቴሌቪዥኑንም አባላቱንም አጥቶ ፈረሰ። ክስ ቢመሠርትም ተረታ። ሕጉን ለመቅበር የሞከረው ወገን የሕጉ ፍሬ ባለቤት ሆነ።

በዚያው በ1982 የመጀመሪያው የኤንሲኤኤ ፍጻሜ ላይ ሉዊዚያና ቴክ 76 ለ 62 ያሸነፈው ቡድን ቼይኒ ስቴት ይባል ነበር። ቼይኒ በፔንሲልቬኒያ የሚገኝ፣ ከጥንት ጀምሮ የጥቁሮች የትምህርት ቤት የሆነ ተቋም ነው፤ አሰልጣኟም ቪቪያን ስትሪንገር ነበረች። ከዚያ በኋላ የሆነውን አስተውሉ። ስትሪንገር በ1983 ወደ አይዋ ሄደች፤ ቀጥሎም ወደ ረትገርስ። ሦስት የተለያዩ ትምህርት ቤቶችን ለመጨረሻዎቹ አራት በማብቃት የመጀመሪያዋ አሰልጣኝ ሆነች። ቼይኒ ግን ወደ ፍጻሜው ዳግመኛ አልደረሰም። በ2018 በገንዘብ ችግር የተነሣ ይወዳደርበት ከነበረው ከሁለተኛው ዲቪዥን እንኳ ወጣ።

ቼይኒን ከመድረኩ ያስወጣው ዩኮን አይደለም። ጂኖ ኦሪየማ ወደ ኮኔቲከት የመጣው በ1985 ነው፤ ያኔ ቼይኒ ከትላልቆቹ ጋር የመወዳደር አቅሙን ማጣት ጀምሯል። ገንዘብ ወደ ጨዋታው ሲገባ የተከፋፈለው ገንዘብ ባላቸው መካከል ነበር። አህያው እርሱ ነው።

ዜሮ ዶላር

ይህ ክፍል ለክርክሬ ዋናው ስለሆነ አንባቢ በትዕግሥት እንዲከተለኝ እለምናለሁ።

በወንዶቹ ሻምፒዮና ከ1991 ጀምሮ የውጤት ክፍያ የሚባል አሠራር አለ። አንድ ቡድን በውድድሩ በገባና ባሸነፈ ቁጥር ለኮንፈረንሱ ገንዘብ ያስገኛል፤ ክፍያው በስድስት ዓመት ይከፋፈላል፤ የአንዱ ድርሻ ዋጋ ሲደመር ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል። ስለዚህ አንድ ትንሽ ትምህርት ቤት በወንዶች ቅርጫት ኳስ አንድ ጨዋታ ቢያሸንፍ፣ ድሉ ወደ ገንዘብ፣ ገንዘቡም ወደ አዲስ መለማመጃና ወደ ጥሩ አሰልጣኝ ሊለወጥ ይችላል።

በሴቶቹስ? እስከ 2025 ድረስ የነበረው ክፍያ ዜሮ ነው። ዩኮን 11 ዋንጫ ሲያነሣ፣ ቴነሲ 8 ሲወስድ፣ ሚሲሲፒ ስቴት ያን ተአምር ሲሠራ፣ በውጤት ክፍያ ስም ያገኙት አንዲት ዶላር የለም። በ1998 ሐርቫርድ በደረጃ ምደባ 16ኛ ሆኖ ገብቶ፣ 1ኛ የተመደበውን ስታንፎርድ በገዛ ሜዳው 71 ለ 67 አሸነፈ። በወንዶቹም በሴቶቹም ውድድር ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን የመጀመሪያው ነበር። ሽልማቱ ጭብጨባ ብቻ ነበር።

አሁን ፍርዱን ለአንባቢ ልተው። ማሸነፍ ምንም በማያስገኝበት ሥርዓት ውስጥ በሴቶች ቡድን ላይ ገንዘብ የሚያፈስስ ማን ነው? ከትርፍ በፊት በጉዳዩ ያመነ ብቻ ነው። ኮኔቲከት አመነ። ቴነሲ አመነ። ፓት ሰሚት በ1974 በ22 ዓመቷ ሥራ ስትጀምር ደመወዟ በወር 250 ዶላር ነበር፤ የተጫዋቾቹን መለያ ራሷ ታጥብ፣ መኪናውንም ራሷ ትነዳ ነበር። ሌሎቹ መቶዎቹ ትምህርት ቤቶች አላመኑም፤ እንዲያምኑ የሚገፋፋ ደንብም አልነበረም። ከዚያም ያመኑት ሁለቱ ሲያሸንፉ «ገደላችሁን» ተባሉ። የዘራው ሲያጭድ፣ ያልዘራው በአጫጁ ላይ ይከሳል!

የንቀቱ ልክ ዓለም በዓይኑ ያየው በመጋቢት 2021 ነው። በወረርሽኙ ምክንያት ሁሉም የሴት ቡድኖች በሳን አንቶኒዮ ተሰብስበው ሳለ፣ የኦሪገኗ ተጫዋች ሴዶና ፕሪንስ ለሴቶቹ የተዘጋጀውን የስፖርት ማዘውተሪያ በስልኳ ቀርጻ አሳየች። የነበረው አንድ ትንሽ መደርደሪያ ብረትና ጥቂት ምንጣፍ ነው። ለወንዶቹ የተዘጋጀው በመሣሪያ የተሞላ ሰፊ አዳራሽ ነበር። ኤንሲኤኤ ቦታ ጠበበን ሲል ተሰማ፤ ልጅቷ ካሜራውን አዙራ ባዶውን ሰፊ ወለል አሳየች። ከዚያ በኋላ ማህበሩ ራሱ ያስጠናው የሕግ ባለሙያዎች ዘገባ በነሐሴ 2021 ሲወጣ፣ የሴቶቹ ሻምፒዮና የስርጭት መብት ብቻውን ቢሸጥ በ2025 በዓመት ከ81 እስከ 112 ሚሊዮን ዶላር ሊያወጣ እንደሚችል ገመተ። እስከዚያ ድረስ ግን ከሌሎች ስፖርቶች ሻምፒዮናዎች ጋር በአንድ ጥቅል ተጠቅልሎ በርካሽ ይሸጥ ነበር። ሌላው ቀርቶ ለወንዶቹ ውድድር የሚያገለግለው ታዋቂ የንግድ ስም ለሴቶቹም እንዲውል የተፈቀደው ከ2022 ጀምሮ ነው።

«የሴቶች ጨዋታ ገበያ የለውም» የሚለው ክርክር ምስጢሩ ይኸው ነው። ዕቃውን ከመጋዘን ሳታወጣ «ገዢ አጣሁ» ማለት ነው።

ገበያው ሲከፈትስ ምን ሆነ? በ2023 ሉዊዚያና ስቴት አይዋን 102 ለ 85 ያሸነፈበትን ፍጻሜ በአማካይ 9.9 ሚሊዮን ሰው ተመለከተው። በ2024 ሳውዝ ካሮላይና አይዋን 87 ለ 75 ያሸነፈበትን ደግሞ ወደ 18.9 ሚሊዮን ሰው አየው፤ በዚያው ዓመት የወንዶቹን ፍጻሜ ያየው 14.8 ሚሊዮን ነው። በአንድ ወገን በ3 ሺህ 951 ነጥብ የመጀመሪያውን ዲቪዥን የነጥብ ክብረ ወሰን የያዘችው ኬትሊን ክላርክ፣ በሌላው ወገን በዚያ ዓመት አንድም ጊዜ ያልተሸነፈ ቡድን ቆመው ነበር። «የበላይነት ተመልካች ያባርራል» ላላችሁን ሁሉ፦ በዚህ ጨዋታ ታሪክ ብዙ ሰው የተመለከተው ፍልሚያ ያልተሸነፈ ኃያል ቡድን የተሰለፈበት ነበር። ሰው ኃያል ሲወድቅ ለማየት ይመጣል፤ ሳይወድቅ ሲቀርም ለመደነቅ ይመጣል። ባዶ ወንበር የሚቀረው ስለ ጨዋታው የሚነግረው ሲያጣ ነው።

መመጣጠኑ የማን ነው?

አሁን ወደ ሁለተኛዎቹ ተሟጋቾች ልዙር። እነዚህ የሚያቀርቡት ማስረጃም እውነት ነው። ከ2017 እስከ 2025 በተካሄዱት 8 ሻምፒዮናዎች (የ2020ው በወረርሽኙ ተሰርዟል) ስድስት የተለያዩ ትምህርት ቤቶች አሸንፈዋል። ሳውዝ ካሮላይና ሦስት ጊዜ፣ ኖተር ዳም፣ ቤይለር፣ ስታንፎርድ፣ ሉዊዚያና ስቴትና ዩኮን አንድ አንድ ጊዜ። በ2019 ቤይለር ያሸነፈው በ1 ነጥብ ነው፤ በ2021 ስታንፎርድም እንዲሁ። ዩኮን ከ2016 በኋላ ዋንጫ ለማንሣት እስከ 2025 ጠብቋል። ይህ ታላቅ ለውጥ ነው፤ ደስ ሊለንም ይገባል።

ለውጡን ያመጣው ምንድን ነው? በልጅነታቸው የሚጫወቱ ሴቶች ቁጥር በ50 ዓመት ውስጥ ማደጉ አንዱ ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች ለአሰልጣኝ መክፈል መጀመራቸው ሌላው ነው፤ በዓመት 450 ዶላር ከተከፈለው ሥራ ተነሥቶ በ2025 የዶን ስቴሊ ውል በዓመት 4 ሚሊዮን ዶላር ደርሷል። ከ2021 ጀምሮ ደግሞ ተጫዋቾች አንድ ዓመት ሳይቀጡ ትምህርት ቤት መቀየር፣ በስማቸውና በምስላቸውም ገቢ ማግኘት ተፈቀደላቸው። ኤንጀል ሪስ በ2022 ከሜሪላንድ ወደ ሉዊዚያና ስቴት ሄዳ በ2023 ዋንጫ አነሣች። ቀድሞ በአንድ ኃያል ቡድን ወንበር ላይ ሆና ተራዋን ትጠብቅ የነበረች ልጅ ዛሬ ሌላ ቡድን ታቀናለች።

ልብ በሉ፤ ከእነዚህ ምክንያቶች አንዱም «ዩኮንን ማዳከም» አይደለም። ሁሉም በር መክፈት ነው። ክሱ ስሕተት እንደነበር ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ይሁንና «ጉዳዩ ተዘግቷል» ለሚሉት ሦስት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ የሴቶቹ ውድድር ከተጀመረ ጀምሮ እስከ 2025 ድረስ በምድቡ ከ3ኛ ዝቅ ያለ ደረጃ የተሰጠው ቡድን ዋንጫ አንሥቶ አያውቅም። በወንዶቹ በ1985 ቪላኖቫ 8ኛ ሆኖ፣ በ2014 የኮኔቲከት ወንዶች ቡድን 7ኛ ሆኖ አሸንፈዋል። በሴቶቹ በኩል ምርጥ 16 ተብለው የተመደቡት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች በገዛ ሜዳቸው፣ በገዛ ደጋፊያቸው ፊት ይጫወታሉ። በርግጥ ይህ አዳራሹ ባዶ እንዳይሆን የተደረገ ነው፤ ምክንያቱ ይገባኛል። ነገር ግን ለጠንካራው ቤቱንም ጨምረህ ሰጥተህ ስታበቃ «ደካማው ለምን አያሸንፍም?» ብለህ አትጠይቅም።

ሁለተኛ፤ በ2025 ከመጨረሻዎቹ 16 ቡድኖች 15ቱ ከአራቱ ሀብታም ኮንፈረንሶች የመጡ ናቸው። አሥራ ስድስተኛው ማን ነበር? ራሱ ዩኮን! በ1982 ቼይኒ ፍጻሜ የደረሰበት ውድድር ዛሬ የባለጸጎች የእርስ በርስ ግጥሚያ ሆኗል። ሁለት ነገሥታት የነበሩት ቤት አሥራ ሁለት መሳፍንት ቢኖሩት የዙፋኑ ቁጥር በዝቷል፤ የተገዢው ዕጣ ግን ያው ነው።

ሦስተኛ፤ የሴቶቹ ጨዋታ ዕጣ ዛሬም የሚወሰነው ሴቶች በማይጫወቱት ስፖርት ነው። በ2024 ፓሲፊክ 12 የተባለው ታሪካዊ ኮንፈረንስ በአሜሪካ እግር ኳስ የቴሌቪዥን ገንዘብ ምክንያት ተበተነ፤ ከ12ቱ 10ሩ ለቀው ሄዱ። የፓሲፊክ ውቅያኖስ ጎረቤት የሆነው ስታንፎርድ ዛሬ የሚወዳደረው በአትላንቲክ ጠረፍ ኮንፈረንስ ውስጥ ነው። ለእግር ኳሱ ሲባል የቅርጫት ኳስ ሴት ልጆች ከምዕራብ ጫፍ እስከ ምሥራቅ ጫፍ እየበረሩ ፈተና ይጠብቃቸዋል። ማን አማከራቸው?

አዲሱ ድግስ

ከሁሉ የከፋው በሰኔ 2025 የተከፈተው አዲስ ምዕራፍ ነው። በፌዴራል ዳኛ በጸደቀው ስምምነት መሠረት ትምህርት ቤቶች ከስፖርት ገቢያቸው ለተጫዋቾች በቀጥታ መክፈል ተፈቅዶላቸዋል፤ የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ ለአንድ ትምህርት ቤት ወደ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። ተጫዋቹ ከላቡ መካፈሉ ፍትሕ ነው፤ የዘገየ ፍትሕ። ችግሩ አከፋፈሉ ላይ ነው። በብዙዎቹ ትላልቅ ትምህርት ቤቶች እንደ ሞዴል የተወራው ስሌት 75 በመቶ ለእግር ኳስ፣ 15 በመቶ ለወንዶች ቅርጫት ኳስ፣ 5 በመቶ ለሴቶች ቅርጫት ኳስ፣ 5 በመቶ ለቀሩት ሁሉ የሚል ነው። በዚህ ስሌት ከ20 ብሩ 18ቱ ለወንዶች፣ 1 ብር ለቅርጫት ኳስ ሴቶች ይደርሳል ማለት ነው። ላለፉት ዓመታት ካሣ እንዲሆን የተመደበው 2.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማም አብዛኛው ወደ እነዚያው ወንዶች የሚሄድ በመሆኑ፣ የተወሰኑ ሴት ስፖርተኞች ታይትል ናይንን ጠቅሰው ይግባኝ ጠይቀዋል። በጥር 2025 የትምህርት ሚኒስቴሩ እንዲህ ያለው ክፍያ በሕጉ ሥር እንደሚወድቅ መመሪያ አውጥቶ ነበር፤ መንግሥት ሲለወጥ በየካቲት ተሻረ። የመመሪያው ዕድሜ አንድ ወር ነበር።

«ገንዘቡን የሚያመጣው እግር ኳሱ ነው፤ ያመጣው ይውሰድ» የሚለው መከራከሪያ ከሁሉ የጠነከረ ስለሆነ በቅንነት ልመልስለት። በንግድ ሕግ ቢሆን ትክክል ይሆን ነበር። ነገር ግን እነዚህ ተቋማት ነጋዴ ነን አይሉም። ግብር ሲጠየቁ «እኛ የትምህርት ተቋም ነን» ይላሉ። ድርሻ ሲጠየቁ «ገበያው ይወስን» ይላሉ። ከሁለት አንዱን ይምረጡ። የትምህርት ተቋም ከሆኑ ባለ 37 ቃሉ ሕግ ይገዛቸዋል። ነጋዴ ከሆኑ ደግሞ እንደ ነጋዴ ግብራቸውን ይክፈሉ። በተጨማሪም «ገበያው» የሚሉት፣ አንዱን ስፖርት ለአሥርት ዓመታት እየመገቡ ሌላውን በጥቅል ውስጥ ደብቀው የሠሩት ገበያ ነው። በእጅህ የጻፍከውን ሚዛን እንደ ተፈጥሮ ሕግ አታቅርብልን።

ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ሴት ልጆች በእነዚሁ ትምህርት ቤቶች ያድጋሉ፣ በእነዚሁ ሜዳዎች ይሮጣሉ፣ ይጫወታሉ። ለስደተኛ ቤተሰብ አንድ ሙሉ የስፖርት ስኮላርሺፕ ማለት ብዙ ዓመት የሚከፈል ዕዳ መቅረት ማለት ነው። በጀቱ ወደ አንድ ስፖርት ሲጋዝ መጀመሪያ የሚዘጋው በር የማን እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ምን ይሻላል?

ኤንሲኤኤ ለሴቶቹ የውጤት ክፍያ መስጠት የጀመረው በ2025 ነው፤ የመጀመሪያው ዓመት ጠቅላላ ገንዘብ 15 ሚሊዮን ዶላር። ከወንዶቹ በ34 ዓመት የዘገየና ትንሽ ቢሆንም በር ነው። ይህ በር በሰፊው ይከፈት፤ ድርሻውም ወደ ትንንሾቹ ኮንፈረንሶች የሚያደላ ይሁን። ትምህርት ቤቶች ለተጫዋቾች የሚከፍሉት ገንዘብ በታይትል ናይን ሥር መሆኑ በሕግ ይረጋገጥ፤ በየአስተዳደሩ የሚጻፍና የሚሠረዝ መመሪያ ዋስትና አይሆንም። የስርጭት መብቱም በ2024 እንደተደረገው ከሌሎች ሻምፒዮናዎች ጋር በስምንት ዓመት ጥቅል ከመታሰር ወጥቶ በራሱ ስም ለገበያ ይቅረብ።

ከሁሉ በፊት ግን አሸናፊን መውቀስ ይቁም። ፓት ሰሚት፣ ጂኖ ኦሪየማና ዶን ስቴሊ ጨዋታውን ተሸክመው እዚህ ያደረሱ ናቸው። መመጣጠን ረጅሙን ዛፍ በመቁረጥ አይመጣም፤ ውኃው ለችግኞቹ ሁሉ እንዲደርስ በማድረግ ነው የሚመጣው። ውኃውን የያዘው ደግሞ ዛፉ አይደለም።

ስለዚህ በሚቀጥለው መጋቢት አንድ ሰው «መመጣጠን መጥቷል» ሲላችሁ፣ ዋንጫውን ማን እንዳነሣ አትጠይቁት። ዛሬ አንድ ቼይኒ ቢነሣ ፍጻሜ መድረስ ይችላል ወይ ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ «አይችልም» ከሆነ፣ የተለወጠው የባለዙፋኖቹ ስም ብቻ ነው።

ቸር እንሰንብት!